የታመመች ዶሮን ማስታመም፦ ከመድኃኒት በፊት የሚሠሩ ሥራዎች



ጠዋት የዶሮዎቻችሁን በር ስትከፍቱ ሌሎቹ ወደ ቡናው ሥር ሮጠው መጫር ሲጀምሩ አንዷ ጥግ ይዛ ቀረች እንበል። ላባዋን ነፍታለች፣ ክንፏን ጥላለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ በቆሎ ቢበተንላትም አትነሣም። እንዲህ ሲሆን ብዙዎቻችን ከሦስት ነገሮች አንዱን እናደርጋለን። «ነገ ይሻላታል» ብለን ከሌሎቹ ጋር እንተዋታለን፤ ወይም ሳትሞት ብለን እናርዳታለን፤ ወይም ለገበያ እናወጣታለን። ሦስቱም መንገዶች ጤነኞቹን ዶሮዎች፣ የእኛንም ሆነ የጎረቤትን፣ ለአደጋ ያጋልጣሉ።

በያዮ ቡና የሚሸጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የእንቁላል ገንዘብ ግን በየሳምንቱ ይገባል፤ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ይገዛበታል፤ ብዙ ጊዜም በእናቶች እጅ ያለ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አንዲት ዶሮ ስትታመም የምትጠይቁት ጥያቄ ሁለት መሆን አለበት፦ ይህችን እንዴት አድናለሁ? የቀሩትንስ እንዴት አተርፋለሁ? የማስታመም ሥራ የሚጀምረው ከሁለተኛው ጥያቄ ነው።

1. መጀመሪያ ለዩ

የታመመችውን ዶሮ ወዲያውኑ ከሌሎቹ ለይታችሁ በካርቶን ወይም በቅርጫት ውስጥ አስቀምጡ። ከሥሯ ደረቅ ገለባ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ። የራሷ የውሃና የምግብ ዕቃ ይኑራት። በየቀኑ በመጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻም የታመመችውን ተንከባከቡ። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሕፃናት እንዳይጫወቱባት ተጠንቀቁ።

2. ሙቀት፣ ውሃ፣ ምግብ

የታመመች ዶሮ ቶሎ ይበርዳታል። በተለይ በክረምት ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ወቅት ሌሊቱን ብርድ ብቻ ሊገድላት ይችላል። ነፋስና ጭስ በማያገኛት ቦታ አኑሯት። ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጎኗ ብታስቀምጡላት ጥሩ ሙቀት ይሰጣታል። ሲሞቃት ርቃ መቀመጥ እንድትችል ቦታው ሰፋ ይበል።

ተቅማጥ ያለባት ዶሮ ከረሃብ በፊት የምትሞተው በውሃ ጥም ነው። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ይህን ለአንድ ቀን ብቻ ስጧት፤ በማግስቱ ወደ ንጹህ ውሃ ተመለሱ። ጨው ለዶሮ ሲበዛ ስለሚጎዳ መጠኑን አትጨምሩ። ራሷ መጠጣት ካቃታት በማንኪያ ጫፍ በመንቆሯ ጎን ጠብታ ጠብታ አድርጉላት፤ እስክትውጥ ጠብቁ። አፏን ከፍቶ ማንቆርቆር ውሃው ወደ ሳንባዋ እንዲገባ ያደርጋል፤ ታንቃ ትሞታለች።

መጠጣት ስትጀምር ለስላሳ ምግብ ስጧት፦ በውሃ የራሰ የበቆሎ ዱቄት፣ የተፈረፈረ እንጀራ፣ ደቆ የተከተፈ ጎመን። ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ ስጧት፤ የተረፈውን አንሡ። የሻገተ በቆሎ ለታመመችም ለጤነኛም አይሰጥም። እርጥበት በሚበዛበት በእኛ አካባቢ እህል በቀላሉ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ የዶሮን ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው።

3. ከራሷ እስከ እግሯ መርምሩ

ዶሮዋን በእርጋታ ይዛችሁ እነዚህን ተመልከቱ፦

- ኩሷ፦ አረንጓዴ ነው? ደም አለው?
- አተነፋፈሷ፦ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች? ታስላለች?
- ኩክኔዋና ፊቷ፦ ቁስል ወይም ቅርፊት አለበት?
- ላባዋ ሥር፣ በተለይ በክንፏ ሥርና በኩስ መውጫዋ ዙሪያ፦ ቅንቅን አለ?
- ደረቷ፦ የደረት አጥንቷ እንደ ቢላ ጀርባ ወጥቶ ከተሰማችሁ ሕመሙ የቆየ ነው፤ የሆድ ትላትል ሊሆን ይችላል።

ያያችሁትን አስታውሳችሁ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ስንት ዶሮዎች እንደታመሙና መቼ እንደጀመረም ጨምሩ። «ዶሮዬ ታመመች» ከማለት ይልቅ «ሁለት ጫጩቶች ከትናንት ጀምሮ ደም ያስቀምጣቸዋል» ማለት ባለሙያውን ወደ ትክክለኛው መድኃኒት ይመራዋል።

4. ምልክቱ ምን ይነግረናል?

ደም ያለው ኩስ፣ በተለይ በጫጩቶችና በቄቦች ላይ፦ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲያ የሚባለው በሽታ ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ይራባል፤ ስለዚህ በዝናብ ወራት ይበረታል። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። አምፕሮሊየም የተባለው መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣል፤ መጠኑንና የቀኑን ብዛት ባለሙያው ይነግራችኋል። የረጠበውን ጉዝጓዝ አውጥታችሁ በደረቅ ካልተካችሁ ግን በሽታው ይመለሳል።

በኩክኔና በፊት ላይ የሚወጣ ቅርፊት፦ የዶሮ ፈንጣጣ ነው። ትንኝ ያስተላልፈዋል። ዓይኗ ከተጣበቀ ለብ ባለ ውሃ በጨርቅ አጽዱላት፤ ቅርፊቱን አትላጡ። ውሃና ምግብ ካልተቋረጠባት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ትድናለች። በአፏ ውስጥ ቢጫ ነገር ከተጋገረና መተንፈስ ካቃታት ግን ከባድ ነው፤ ባለሙያ ይያት።

ቅንቅን፦ ደሟን መጥጦ ያከሳታል፣ እንቁላል መጣል ያስተዋታል። ደረቅ አመድና አፈር ቀላቅላችሁ የምትታጠብበት ጉድጓድ አዘጋጁ። ቆጡንና የመጣያ ጎጆውን አጽዱ፤ አሮጌውን ገለባ አቃጥሉ። ለሰብል የምትረጩትን ፀረ ተባይ በዶሮ ላይ ፈጽሞ አትርጩ።

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማሳልና አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የእግርና የክንፍ ሽባነት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ዶሮ መሞት፦ ይህ ፈንግል ነው ብላችሁ ተጠንቀቁ። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ፣ ወይም የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ መስጠት ፈንግልን አያድንም። በዚህ ጊዜ ያላችሁ ሥራ ጤነኞቹን ማትረፍ ነው፦ ቀሪዎቹን በቤት ያዙ፣ ለጎረቤት ንገሩ፣ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ በዚያው ቀን አሳውቁ።

5. ገበያ አታውጧት

ሳትሞት በፊት ጥቂት ብር ላግኝ ማለት የሚገባ ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን በእግሯ ታስራ ገበያ የደረሰች አንዲት በፈንግል የታመመች ዶሮ አጠገቧ ያሉትን ሁሉ ታስይዛለች፤ ሳይሸጡ የተመለሱትም በሽታውን ይዘው ወደየቀበሌው ይገባሉ። የሚታመሙትም ምልክቱን የሚያሳዩት ከቀናት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ገበያ እናንተ የምትገዟት ቄብ ከእነዚያ አንዷ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከገበያ የገዛችሁትን ዶሮ ከሌሎቹ ከመቀላቀላችሁ በፊት 14 ቀን ለብቻዋ አቆዩ።

6. ከሞተች

ሬሳውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ አትጣሉ፤ ለውሻም አትስጡ። ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ላባዋን፣ ኩሷንና ጉዝጓዟን አብራችሁ አስወግዱ። ዕቃዋን በሳሙና አጥባችሁ፣ በበረኪና አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁ። በበሽታ የሞተች ዶሮ አትበላም።

7. ከዳነች

መብላት ከጀመረች በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። መድኃኒት ከወሰደች እንቁላሏና ሥጋዋ የማይበላበትን የቀን ብዛት ባለሙያውን ጠይቁ።

የዳነችውም ሆነች ያልታመሙት ዋስትናቸው ክትባት ነው። የፈንግል ክትባት በአገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ሙቀትን የሚቋቋመውና በዓይን አንድ ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ለገጠር ቀበሌዎች የተመቸ ነው፤ በየሦስትና አራት ወሩ መደገም አለበት። ክትባት የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ነው፤ ከታመመች በኋላ መከተብ አያድናትም። የአንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮዎች ስለሚሆንና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ ጎረቤት ተሰባስባችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። አንድ ቤት ሳይከተብ ከቀረ በሽታው መግቢያ ያገኛል።

የዶሮ ቤታችሁን ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ክደኑት። ደረቅ ቤት፣ ንጹህ ውሃና በጊዜው የተሰጠ ክትባት ከማስታመም በፊት ይመጣሉ።

ለውይይት

በሚቀጥለው ስብሰባ እነዚህን ተነጋገሩባቸው፦ ባለፈው ክረምት በመንደራችሁ ስንት ዶሮ ሞተ? መጀመሪያ የታመመችው ከየት መጣች? ሬሳዎቹስ የት ተጣሉ? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ የክትባቱን ቀን ከልማት ሠራተኛችሁ ጋር ቁረጡ።