ቃል የሌለው ቃለ ምልልስ፦ የጥንድ ዳንስ በተራኪ ባሌት ውስጥ

ተውኔትን የሚያጠና ሰው የሁለት ገጸ ባሕርያትን ግንኙነት በአብዛኛው የሚመረምረው ከቃለ ምልልሳቸው ነው። ታሪክ የሚተርክ ባሌት ግን ቃል የለውም። የጥንድ ዳንሱንም ብዙዎች ታሪኩ ቆም ሲል የሚገባ ጌጥ አድርገው ያዩታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው የጥንድ ዳንስ ራሱ ቃለ ምልልስ መሆኑን ነው።

ሞርሲቶ ሳስተምር፣ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን ሮሚዎና ዡልየት ካነበብን በኋላ፣ ይኸው ታሪክ በዳንስ ብቻ እንደሚቀርብ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዲት ተማሪ፣ «ካልተናገሩ መፋቀራቸውን በምን እናውቃለን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የጉዳዩ እምብርት ነው።

መልሱን ከምናውቀው ከእስክስታ እንጀምር። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንዱ ትከሻውን ሲሰብቅ ሌላው ይመልሳል፤ ሳይነካኩ ይግባባሉ። ስሜቱ የሚታወቀው ከአመላለሱ ነው። ባሌት በዚህ ላይ የሰውነትን ክብደት ይጨምራል፤ ሴቷ ክብደቷን ለወንዱ ክንድ ትሰጣለች ወይም ትነፍጋለች።

ኬኔት ማክሚላን በፕሮኮፊየቭ ሙዚቃ ያዘጋጀውንና እ.ኤ.አ. በ1965 በለንደን የታየውን ሮሚዎና ዡልየት ለአብነት እንውሰድ። በሰገነቱ ትዕይንት ሮሚዎ ሲያነሣት ዡልየት አብራው ትነሣለች፤ ራሷን ሳትሰስት ትለቅለታለች። በኋላ ወላጆቿ ለፓሪስ ሊድሯት ሲያስገድዷት ከእርሱም ጋር ትደንሳለች። እርሱም ይይዛታል፤ እርሷ ግን አትመልስለትም። እጇ እንጂ ፈቃዷ እዚያ የለም። በመጨረሻም ሮሚዎ የሞተች የመሰለችውን ዡልየት ከመቃብሯ አንሥቶ ሊያስደንሳት ይሞክራል። ያ ከእርሱ ጋር ይነሣ የነበረ አካል አሁን በክንዱ ላይ ይዝለፈለፋል። ተመልካቹን የሚያስለቅሰው የቀድሞው ምላሽ መቅረቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 በፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጂዜል በአንጻሩ ሌላ መንገድ ይከተላል። በመጀመሪያው ክፍል የገጠሯ ልጅ ጂዜልና ማንነቱን የደበቀው መኳንንት አልብረኽት ጎን ለጎን በደስታ ይዘላሉ። በሁለተኛው ክፍል ጂዜል ሞታ መንፈስ ሆናለች። ሲያነሣት ክብደት የሌላት ትመስላለች፤ ከእጁም ታመልጠዋለች። እዚህ ምላሽ አለ፤ ይቅርታም አለ። የጠፋው ሊታቀፍ የሚችል አካል ነው። ሁለቱም ባሌቶች ስለ ሞት ቢናገሩም አንደኛው አካል ያለ ምላሽ፣ ሌላው ምላሽ ያለ አካል ያሳዩናል።

ስለዚህ የአንድን ጥንድ ዳንስ ስሜት ከተወዛዋዦቹ ፊት ላይ ብቻ መፈለግ በቂ አይደለም። ማን ጀመረ? ማን መለሰ? ካለፈው የጥንድ ዳንስ ምን ተለወጠ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚሁ ጥያቄዎች በአማርኛ ተውኔቶቻችን ውስጥ ገጸ ባሕርያት ዝም የሚሉባቸውን ቦታዎች ለመመርመርም ይረዱናል ብዬ አምናለሁ።