ኪያንቲ ከፎገራ ጥብስ ጋር

ወይን ከጣና ዳሩ ከፎገራ ጋር ለሚጎራበተው ለይፋግ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በኩል ያለፉ አውሮፓውያን መንገደኞች አገሩን ሲያነሡ ከገበያው ጋር የወይን ተክሉንም ጠቅሰዋል። ያ ዝና ዛሬ የለም። እኔም የማስተዋውቃችሁ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን የጣሊያን ቀይ ወይን፣ ኪያንቲን ነው።

ኪያንቲ የአገር ስም ነው፤ በቶስካና፣ ከፍሎረንስ እስከ ሲዬና ያለው ኮረብታማ ምድር። የቶስካናው ገዥ ኮሲሞ 3ኛ የወይኑን ወሰን በአዋጅ የከለለው በፈረንጆች 1716 ሲሆን፣ ጎንደር ላይ ዓፄ ዮስጦስ ከዙፋን ወርደው ዓፄ ዳዊት 3ኛ የነገሡትም በዚያው ዓመት ነው። ዋናው ፍሬ ሳንጆቬዜ ይባላል። ኪያንቲ ክላሲኮ የሚባለው ቢያንስ 80 በመቶው ከዚህ ፍሬ መሆን አለበት፤ መለያው ጥቁር አውራ ዶሮ ነው። ድሮ የሚሸጥበት ጠርሙስ ቂጡ ክብ ስለነበር ያለ ሣር ቅርጫቱ አይቆምም ነበር፤ ብርሌ ለለመደ ሰው ያ ጠርሙስ ባዳ አይሆንበትም።

ጠባዩን ለማወቅ አንድ ጉንጭ ይበቃል። መጀመሪያ ኮምጠጥ ብሎ አፍን ምራቅ ይሞላዋል። ቀጥሎ ልክ እንደከረረ ሻይ ምላስና ድድን ያደርቃል። ይህ የጌሾ ዓይነት ምሬት አይደለም፤ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፊቱን አጨማዶ «ኮካ ጨምሩበት!» ይላል። ኧረ ተዉ! ጥፋቱ የወይኑ አይደለም፤ ባዶ አፍ ላይ መጠጣቱ ነው።

ታኒን አፍ የሚያደርቀው ምራቅ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ ነው። ሥጋ ሲጎረስ ግን ታኒኑ የሥጋውን ፕሮቲንና ስብ ይይዛል፤ አፍ ይለሰልሳል። ኮምጣጣነቱ ደግሞ ጮማውን ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። ቶስካናዎች ኪያኒና የሚባለውን በሬያቸውን ከነአጥንቱ በወፍራሙ ቆርጠው በፍም ላይ ይጠብሱና በዚሁ ወይን ይበሉታል። ፎገራም በስሙ የሚጠራ የከብት ዝርያ አለው። ሥጋው በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠበስ ተደርጎ፣ ቃሪያው ቀነስ ብሎ ይቅረብ። የጥብስ ቅጠል ያልነው ሮዝመሪ የቶስካናም ቅጠል ነው።

ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አልመክርም። አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይሻክራል፤ ለዶሮ ወጥ ጣፈጥ ያለ ጠጅ ይሻላል። የጣና ዓሣም አይሆነውም፤ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ሊተው ይችላል። ፓስታ በስጎ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስጎ ቃሉም ከጣሊያን የመጣ ነው፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ከወይኑ ጋር ይመጣጠናል፣ ቲማቲሙ ደግሞ በፎገራ መስኖ ይመረታል።

ኪያንቲ የሚጠጣው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው። የፎገራዋ ከተማ የወረታ ከሰዓት ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ጠርሙሱን ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። የተከፈተውን በሁለት ሦስት ቀን ጨርሱት። ደግሞ አደራ፣ መጀመሪያ ጥብሱ ይቅረብ፤ ቡሹ ከዚያ በኋላ ይነቀል።