ቅርፊቱ ደህና፣ ውስጡ ባዶ፦ ኦቾሎኒ ፖታሲየምን መቼና የት ይፈልጋል?

ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ገዝቶ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ቅርፊቱ ሲታይ ሙሉና ያማረ ነው። በጣት ተጭነው ሲፈለፍሉት ግን ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ወይም አንዲት የተጨማደደች ፍሬ ብቻ ትወጣለች። ልጆች ይስቁበታል፤ ገዢው «ተሸወድኩ» ይላል፤ ሻጩ ደግሞ «እኔስ ውስጡን መች አየሁት?» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ እውነቱን ነው። የባዶው ቅርፊት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ገበያው ላይ ሳይሆን ማሳው ውስጥ፣ ከአፈሩ ጥቂት ጣት ወረድ ብሎ ነው።

ለከተማ ሰው ኦቾሎኒ የሻይ ማጣጫ፣ የልጆች መክሰስ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባ ቅቤ ነው። አንዳንዶቻችን ለውዝ እያልን እንጠራዋለን። ለምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ግን የልጆች ደብተርና የቤት ወጪ ነው። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ባቢሌ በማዕድን ውኃዋና በዝሆኖቿ እንደምትታወቀው ሁሉ በኦቾሎኒዋም ስሟ ይነሳል። ፈዲስና ጉርሱም እንዲሁ ናቸው፤ በቤንሻንጉል ጉሙዝም ኦቾሎኒ የገበሬው የገንዘብ ምንጭ ነው። በእነዚህ ቤቶች ባዶ ቅርፊት አያስቅም፤ የአንድ ወቅት ልፋት ሚዛን ላይ ሲወጣ መቅለሉ ነው። ከከተማ ሆኖ ለወላጆቹ የማዳበሪያ ብር ለሚልክ ልጅም የላከው ገንዘብ ፍሬ ሳያፈራ መቅረቱ ነው።

የእርሻ ነገር ሲነሳ «ማዳበሪያ ይጨመርበት» የሚለው ምክር ይቀድማል። በኦቾሎኒ ላይ ግን፣ በተለይ ፖታሲየም የሚባለውን ንጥረ ነገር በተመለከተ፣ ከ«ምን ያህል?» በፊት «የትና መቼ?» የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት።

ሁለት አፍ ያለው ተክል

ኦቾሎኒ አበባውን እንደ ሌሎች ተክሎች ከአፈር በላይ ያወጣል። አበባው ከተዳቀለ በኋላ ግን ሌሎቹ የማያደርጉትን ያደርጋል። ከአበባው ሥር መርፌ የመሰለ ቀጭን ዘንግ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬው የሚያብጠውና ቅርፊት የሚያበጀው እዚያው በጨለማ ውስጥ ነው። በአበባ ጊዜ አፈሩ ድርቅ ያለ ከሆነ፣ ወይም በኩትኳቶ ጊዜ ዘንጎቹ ከተበጠሱ፣ ፍሬ የለም።

ይህ አኗኗሩ ተክሉን ሁለት አፍ ሰጥቶታል። አንደኛው አፍ ሥሩ ነው። ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ፎስፈረስና ፖታሲየምን ከታችኛው አፈር ሳይቀር ይሰበስባል። ናይትሮጅንን ደግሞ ሥሩ ላይ ባሉ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ተባብሮ ከአየር ያገኛል።

ሁለተኛው አፍ ራሱ ቅርፊቱ ነው። ካልሲየም በተክል ውስጥ የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ ውኃው ደግሞ የሚሄደው ፀሐይና ነፋስ ወደሚስቡት ወደ ቅጠሉ ነው። ከመሬት በታች ያለው ፍሬ ውኃ ስለማይተን ሥሩ የላከው ካልሲየም እንደልብ አይደርሰውም። ስለዚህ ፍሬው ካልሲየሙን በዙሪያው ካለው አፈር በቅርፊቱ በኩል ራሱ ይመገባል። በዙሪያው ካላገኘ፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢለመልም፣ ፍሬው ረሃብተኛ ሆኖ ይቀራል።

የፖታሲየም ሥራ

ፖታሲየም በተክል ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው የውኃ ቁጠባ ነው። በቅጠሉ ላይ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። ፖታሲየም ያልጎደለው ተክል ፀሐይ ሲበረታ ቀዳዳዎቹን በጊዜ ዘግቶ እርጥበቱን ይይዛል። ዝናብ ድንገት በሚቋረጥበት በምሥራቁ ቆላ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው የማጓጓዝ ሥራ ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ያዘጋጀው ስኳር ወደ ፍሬው ወርዶ ዘይትና ፕሮቲን እንዲሆን ፖታሲየም ያስፈልጋል። ስለዚህ ፖታሲየም በጎደለው አፈር ላይ በልኩ ሲጨመር ተክሉ የሚይዘው ፍሬ ይበዛል፣ ፍሬው ይከብዳል፣ ዘይቱም ይሻሻላል። አፈሩ በቂ ፖታሲየም ካለው ግን መጨመሩ ከወጪ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

ጉድለቱ በዓይን ይታያል። በታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ከዳር ጀምረው ቢጫ ይሆናሉ፤ ቆይተውም ዳርዳራቸው ቡናማ ሆኖ ፀሐይ ያቃጠለው ይመስላል። ከላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች ግን አረንጓዴ ናቸው፤ ተክሉ ያለችውን ፖታሲየም ከአሮጌው ነጥቆ ለልጁ እየሰጠ ነውና።

በአገራችን ገበሬው ለረጅም ዓመታት የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ነበር። በኋላም ዳፕን ኤንፒኤስ ተካው። በሦስቱም ውስጥ ፖታሲየም የለም። ምክንያቱም የኢትዮጵያ አፈር ፖታሲየም አያጥረውም ተብሎ ይታመን ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው አገር አቀፍ የአፈር መረጃ ጥናት ግን በብዙ ቦታዎች ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ ብቻ ሳይሆን ፖታሲየምም እንደሚጎድል አሳየ። ኦቾሎኒ የሚወደው አሸዋማ አፈር ደግሞ ፖታሲየምን አጥብቆ አይዝም፤ ከባድ ዝናብ ሲመጣ አጥቦ ያወርደዋል። የፖታሽ ክምችት በአፋር ዳሎል በገፍ ተኝቶ ሳለ ማሳችን ፖታሲየም መራቡ የሚያስገርም ነው።

ማር ሲበዛ ይመራል

ታዲያ ጎደለ ከተባለ ፖታሽ ገዝቶ መበተን ነው? እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ፖታሲየምና ካልሲየም በአንድ በር ለመግባት እንደሚጋፉ ሁለት እንግዶች ናቸው። ፍሬው በሚያብጥበት የላይኛው አፈር ውስጥ ፖታሲየም ከበዛ ቅርፊቱ ካልሲየም የመውሰድ ዕድሉ ይጠባል። ውጤቱም በመግቢያችን ያነሳነው ባዶ ቅርፊት ነው። አንዳንዱ ፍሬ ከነቅርፊቱ ይበሰብሳል። ደህና የመሰለው ፍሬም ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ያለችው ቡቃያ ጠቁራ ትገኛለች፤ እንዲህ ያለው ለዘር ቢቀመጥ አይበቅልም። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ፣ ደክሞ፣ ምርቱን ቀነሰ ማለት ነው።

ኦቾሎኒ በሰፊው በሚመረትባት በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የእርሻ ባለሙያዎች ይህን በቁጥር አስቀምጠውታል። ፍሬው በሚያድርበት ከላይ 8 ሳንቲሜትር ያህል አፈር ውስጥ ካልሲየሙ የፖታሲየሙን ቢያንስ 3 እጥፍ እንዲሆን ይመክራሉ። ከዚያ ካነሰ ጂፕሰም በአበባ መጀመሪያ ላይ ይበተናል፤ ጂፕሰም ማለት ለግንባታ የምናውቀው ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ ነው፤ ለእርሻ የሚውለው ተፈጭቶ እንዳለ ነው።

ስለዚህ ፖታሲየም የሚሰጠው ለሥሩ እንጂ ለቅርፊቱ አይደለም። ከመዝራት በፊት ተበትኖ በእርሻ ወደ ታች መግባት አለበት። ከዚህም የሚሻለው ከኦቾሎኒው በፊት ለሚዘራው ማሽላ ወይም በቆሎ መስጠት ነው። ኦቾሎኒ ከቀዳሚው ሰብል የተረፈውን በረጅም ሥሩ ለቅሞ መብላት የሚችል ተክል ነውና። አበባ ካወጣ በኋላ ከላይ መበተን፣ ወይም ከዘሩ ጋር አጣብቆ መቅበር ግን ጉዳት ነው፤ ጨውነቱ ቡቃያውን ያቃጥለዋል።

አመድ፣ ሰንጋና ፍግ

አያቶቻችን ፖታሲየም የሚለውን ስም ባያውቁም ነገሩን ያውቁታል። የምድጃውን አመድ ጓሮ የሚደፉት በከንቱ አይደለም። የእንጨት አመድ ፖታሲየም አለው፤ ከዚያም የሚበልጥ ካልሲየም አለው። ጓሮው ከሩቁ ማሳ የተሻለ የሚያበቅለው በአመዱና በፍጉ ነው። አመድ በተለይ ኮምጣጣ ለሆነ አፈር ይስማማል። አስቀድሞ ኖራማ በሆነ አፈር ላይ ግን ማብዛቱ አይመከርም። ከዩሪያ ጋር መቀላቀልም የዩሪያውን ናይትሮጅን ወደ አየር ማባረር ነው።

ሌላም የማይታይ ኪሳራ አለ። ኦቾሎኒ ከአፈር ከሚወስደው ፖታሲየም የሚበዛው የሚቀረው በፍሬው ሳይሆን በግንዱና በቅጠሉ ነው። በሐረርጌ ደግሞ ተክሉ ከነቅጠሉ ተነቅሎ ለከብት ይሰጣል፤ ስሙ የገነነው የሐረር ሰንጋ ከሚደልብባቸው መኖዎች አንዱ ይኸው ነው። መልካም ነው፤ ነገር ግን ማሳው በየዓመቱ ፖታሲየሙን ወደ በረት እየላከ መልስ ካላገኘ ይደኸያል። መልሱ ያለው ፍጉ ውስጥ ነው። ከብት የበላው ፖታሲየም በአብዛኛው የሚወጣው በሽንቱ ስለሆነ፣ በሽንት የራሰው የበረት ጉዝጓዝም ከእበቱ ጋር ወደ ማሳው መመለስ አለበት። ኩበት ሆኖ የሚነደው እበትም ቢሆን ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል እንጂ ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አመዱን መንገድ ዳር መድፋት ማዳበሪያ መድፋት ነው።

ከማሳው እስከ ልጆቻችን ሳህን

ይህ ሁሉ ለወላጅና ለአያት ምን ያገባዋል? በ100 ግራም ኦቾሎኒ ውስጥ 26 ግራም ያህል ፕሮቲንና 49 ግራም ያህል ስብ አለ። በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ፕላምፒ ነት ዋናው ነገሩ ኦቾሎኒ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ፖታሲየም ሲባል ብዙ ሰው ሙዝን ያስባል፤ ክብደት ለክብደት ሲመዘን ግን ኦቾሎኒ የሙዝን እጥፍ ያህል ይይዛል። ለአብዛኛው ሰው ይህ ጥቅም ነው። የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ፖታሲየም እንዲቀንሱ የታዘዙ አባቶችና እናቶች ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ባያዘወትሩት ይመረጣል።

የማሳው ጉድለት በጤናም በኩል ይመጣል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በድርቅ የተጨነቀ ወይም ካልሲየም ያጣ ኦቾሎኒ ቅርፊቱ ደካማ ይሆናል፤ ይሰነጠቃልም። በዚያ በኩል የሚገባው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች ረግፈው ምክንያቱ ሲፈለግ የተደረሰበት በኦቾሎኒ መኖ ውስጥ የነበረው ይህ መርዝ ነው። በሰው ላይ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣም ተረጋግጧል። በልኩ የተመገበ ተክል ድርቁን የበለጠ ይቋቋማል፤ ይህ ማለት ግን ማዳበሪያ ብቻውን መርዙን ያስቀራል ማለት አይደለም። ተነቅሎ ፈጥኖ መድረቁ፣ እርጥብ መሬት ላይ አለመከመሩ፣ ለመፈልፈል ይቀል ዘንድ ውኃ አለመረጨቱ የግድ ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። ከመቁላታችሁ በፊት እንደ ምስር ልቀሙት። የሻገተውን፣ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ ሲቀምሱት የሚመረውን ጣሉ። «እሳት ይገድለዋል» ብላችሁ አትለፉት፤ መቁላት መርዙን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አያጠፋውም። የተበላሸውን ፈጭቶ ቅቤ ማድረግም መደበቅ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ደግሞ አንድ ነገር እናስታውስ፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬው ትን ሊለው ስለሚችል በደንብ ተፈጭቶ ይሰጠው።

በገጠር ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ የማዳበሪያ ብር ስትልኩ ከገንዘቡ ጋር ጥቂት ጥያቄዎች ላኩ። አፈሩ ተመርምሯል ወይ? የላይኛውና የታችኛው አፈር ናሙና ለየብቻ ተወስዷል ወይ? ያለፈው ዓመት የኦቾሎኒ ቅጠል የት ሄደ? የበረቱ ፍግስ? ዝናቡ ሳይጀምር ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር አንድ ቀን ተቀምጦ መነጋገር ብዙ ኩንታል ባዶ ቅርፊት ያድናል። ምናልባትም የምርመራው ውጤት «ዘንድሮ ፖታሽ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ካልሲየም ነው» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ የማዳበሪያው ብር ለልጆቹ ደብተር ይተርፋል።