ረባዳ ላይ የሚተኛ ውርጭ

በአርሲ ደጋ በረዶ ሲጥል ሁሉም ያውቀዋል። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ መስኩ ነጭ ይለብሳል፣ ፎቶግራፉ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ውርጭ ድምፅ የለውም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ዘግይቶ የተዘራው ስንዴ ፍሬ ሲይዝ፣ ሌሊት ገብቶ ጎሕ ሲቀድ ሥራውን ጨርሶ ይገኛል። ስለ በረዶ የሚወራውን ያህል ስለ ውርጭ አለመወራቱ ያስቆጫል። በረዶ ማንን እንደሚመታ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ ውርጭ ግን አመጣጡን ላስተዋለ ሰው የት እንደሚያርፍ ከመዝራት በፊት ሊታወቅ ይችላል።

አገሩ ከፍ ያለ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በቆጂ ወደ 2,800 ትጠጋለች፤ የጭላሎ ተራራ 4,000 ሜትር ያህል ሲሆን የካካና የባዳ ተራሮች ከእሱም ይበልጣሉ። ከደጋ በላይ ያለውን ምድር የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ውርጭ ብሎ ይጠራዋል። ዛሬ ባዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። ከአሥር ሺህ ዓመታት በላይ በፊት በነበረው የበረዶ ዘመን ግን አናቱን የበረዶ ግግር ሸፍኖት እንደነበር ተመራማሪዎች ግግሩ ጥሏቸው ከሄደው ድንጋይና አፈር አረጋግጠዋል።

ውርጭ ባደረበት ማለዳ የገጠሩ ኑሮ ዘግይቶ ይጀምራል። ከብቶች ሣሩ ላይ ያለው ነጭ እስኪቀልጥ ከበረት አይወጡም፤ ውርጭ የያዘ ሣር ለከብት ደግ አይደለም ይላሉ አርቢዎች። ኩበቱ ይነዳል፣ ጭሱ ከሣር ክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፣ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ፀሐይ ወደሚያርፍበት የግድግዳ ጥግ ይጠጋሉ። ቁርሱ ጭኮ ከሆነ ቀኑ ተሳካ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ታሽቶ ለብርድ ከዚህ የሚሻል ስንቅ የለም። የበቆጂ ሯጮች ግን ፀሐይ አይጠብቁም። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈራችው ከተማ የማለዳ ልምምድ የሚጀመረው መሬቱ ገና ሳይሞቅ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ውርጭን ከተራራው አናት እንደሚወርድ እንግዳ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህም ከፍ ያለ ማሳ ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት በየዓመቱ እህል ያስበላል። ውርጭ የሚፈጠረው እዚያው ማሳው ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬትና ቅጠል ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ የተለቀቀው ሙቀት በከፊል ተመልሶ ይመጣል፤ ሰማዩ ጥርት ካለና አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን እንደወጣ ይቀራል። ቅጠሉ ከአካባቢው አየር ቀድሞ ይቀዘቅዛል። የአየር ሁኔታ ጣቢያ ቴርሞሜትር ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጥላ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ ከዜሮ በላይ ሁለትና ሦስት ዲግሪ እያሳየ እንኳ እታች ያለው ዛላ በረዶ ሊሠራ ይችላል። በሬዲዮ የተነገረውን ዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ሰምቶ ተዘናግቶ የሚተኛ ሰው ማለዳ የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጣዩ ደግሞ ይበልጥ አስደናቂ ነው። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል። ተዳፋቱ ላይ የተፈጠረው ቅዝቃዜ እዚያ አይቆይም፤ ወርዶ ረባዳው ላይ ይከማቻል፣ በቦታው ያለውንም ሞቅ ያለ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ከፍ ብሎ ያለው ተዳፋት ማሳ ሲተርፍ ከእሱ ብዙ ሜትር ዝቅ ያለው ሜዳ የሚመታው ለዚህ ነው። ከአሰላ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ በማለዳ የሚጓዝ ሰው መስኮቱን ወልወል አድርጎ ቢመለከት ይህን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ ከጉብታው ወገብ በላይ አረንጓዴ፣ ከሥር በውኃ ልክ የተሰመረ የሚመስል ነጭ።

ነፋሱም እንዲሁ ያሳስታል። ሌሊቱን ሲነፍስ ያደረ ብርድ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ለሰብሉ ግን ነፋሱ ባለውለታ ነው፤ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያደባልቀዋልና። የሚያስፈራው ቅጠል የማይንቀሳቀስበት፣ ኮከብ የሚቆጠርበት ሌሊት ነው። የአገሩ አረጋውያን ይህን በደንብ ያውቃሉ። ከትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ የግብርና ባለሙያ ቀበሌው እንደደረሰ አንድ አረጋዊን ይዞ ውርጭ የቱ ላይ እንደሚያድር ቢጠይቅ ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መልስ ያገኛል። ብዙዎቹ አይጠይቁም፤ ሊጠይቁ ይገባል።

ጉዳቱ የሚደርሰው በቅጠሉ ላይ በሚታየው ነጭ አይደለም። በሕዋሶቹ መካከል ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን የሕዋሶቹን ውኃ ወደ ውጭ ይስባል፣ ያደርቃቸዋል፣ ስስ ሽፋናቸውንም ይጎዳል። ድንች ቅጠሉ በነጋታው ይጠቁራል፣ ባቄላ አበባው ይረግፋል፤ የእነሱ ወዲያው ይታወቃል። ስንዴ ግን ይደብቃል። ሲያብብ ውርጭ ከመታው አገዳው እንደቆመ፣ ዛላው እንደተዘረጋ ይቆያል፤ ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ነው። ሳምንት አልፎ ጎረቤቱ ፍሬ ከብዶት ሲያጎነብስ እሱ ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ ያን ጊዜ ዛላው በእጅ ሲታሽ ባዶ ገለባ ይሆናል። በዚህ ረገድ ገብስ ብልህ ነው። ብናኙ በአብዛኛው የሚረግፈው ዛላው ገና ከቅጠሉ ሽፋን ሳይወጣ በመሆኑ አደገኛዋን ሰዓት በተወሰነ ደረጃ ተከልሎ ያሳልፋታል። ፈጥኖ የሚደርሰው የአካባቢው አሩሶ ገብስ ደግሞ ብርዱ ሳይበረታ ሊታጨድ ይችላል። ደጋው ገብስን የሙጥኝ ያለበት ምክንያት ጭኮ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከልና በዓመቱ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ፣ አርሲን የስንዴ አገር አድርገውታል። ቁሉምሳ ራሱ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን በበቆጂና በመራሮ ከፍ ያሉ የሙከራ ጣቢያዎች አሉት፤ መራሮ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ብርድ የሰብሉን ዕድገት ስለሚያዘገይ ቁሉምሳ ላይ በጊዜው የሚደርስ ዝርያ መራሮ ላይ ሳይደርስ ውርጭ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ዘር ሲመረጥ ምርቱ ብቻ ሳይሆን የሚደርስበት ቀን ይጠየቅ። ዩሪያን ዘግይቶ በብዛት መበተንም ሰብሉን አለምልሞ መድረሻውን ያርቃል፤ ይህ በተለይ በረባዳ ማሳ ላይ ትልቅ ጥፋት ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ደግሞ ሙሉና የሚበቅል ገብስ ነው፤ ፍሬ ሲሞላ ውርጭ የመታው ይቀጭጫል፣ ጽንሱም ተጎድቶ ላይበቅል ይችላል።

ጭስ ያድናል የሚለውም እምነት መታረም አለበት። የጭስ ብናኝ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አይይዝም፤ ጥቂት የሚረዳው እሳቱ ራሱ ነው፣ ለሰፊ ማሳ ደግሞ እንጨቱ አይበቃም። ከዚህ ይልቅ ባሕር ዛፉ ይታይ። በማሳ የታችኛው ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ የባሕር ዛፍ ረድፍ እየወረደ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይገድባል፣ ማሳው ላይም ያስተኛዋል። ረድፉን በላይኛው ዳር መትከል፣ ወይም ከታች ክፍተት ትቶለት አየሩን ማሳለፍ ገንዘብ አይጠይቅም። ውኃ የሚተኛበትን፣ ብርድም የሚያድርበትን ዝቅተኛ ሜዳ ሳያርሱ ለከብት ግጦሽ ትተው፣ ስንዴያቸውን ተዳፋቱ ላይ የሚዘሩ ገበሬዎች በአርሲ ዛሬም አሉ።