መርዶ በስልክ፣ ልቅሶ በግጥም

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ግጥም እንጨዋወታለን። «ከሥራና ከሐሳብ መቼ ተርፈን ነው ግጥም?» የምትል እኅት እንደምትኖር አውቃለሁ። እኔም አምና በዐቢይ ጾም ያየሁትን እስካይ ድረስ ጉዳዬ አልነበረም።

አንዲት እኅታችን እዚሁ ቤሩት በሰው ቤት እየሠራች የእናቷን ሞት ሰማች። በሀገራችን መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ሰው ከግራና ከቀኝ ቆሞ ነው። እርሷን ግን መርዶው ያገኛት ዕቃ እያጠበች ሳለ በስልክ ነው። ያውም ቤተሰቧ «ብቻዋን ናት፣ ትደነግጣለች» ብለው ደብቀዋት ኖሮ፣ እናቷ ከተቀበሩ በአምስተኛው ቀን። ማዳሟ እንግዳ ነበረባት፤ ስለዚህ ፊቷን ታጥባ ቡና አቀረበች።

እሑድ ስትመጣ ዓይኗ ደረቅ ነበር። አባ ጸለዩላት፣ እኅቶች ከበቧት፤ እንባ አልወጣትም። ያን ጊዜ አንዲት የጎጃም ሴት፣ በዕድሜ የምትበልጣት፣ «እናትሽ ምን ነበር የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀቻት። «ጥጥ ይፈትሉ ነበር» አለች። ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ እንዝርቱ፣ ስላላለቀው ፈትል ሙሾ ታወርድ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ሐዘንተኛዋ ራሷ ተቀበለች፦

የሰው ሳህን ሳጥብ ውሃው እየፈሰሰ፣
እናቴ ደጃፍ ላይ ድንኳኑ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ እንባው መጣ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ደስ አላለኝም። በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ፊት መንጨትና ደረት መድቃት እንደማይገባ ተምረናል፤ ሙሾንም ከዚያው ጋር ደምሬ ይዤው ነበር። ማታ ግን መጽሐፌን ገለጥኩ። ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በሞቱ ጊዜ ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ ጾመ። በዚህም አላበቃም፤ የልቅሶ ቅኔ ተቀኘላቸው፣ የይሁዳም ልጆች እንዲማሩት አዘዘ (2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1)። ሳኦል ስንት ዘመን ያሳደደው ሰው መሆኑን በቅኔው ውስጥ አለማንሳቱንም ልብ በሉ።

ይበልጥ የገረመኝ ሰቆቃወ ኤርምያስ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት እጅ ከፈረሰች በኋላ የተለቀሰ ልቅሶ ነው። በዕብራይስጡ ምዕራፍ 1፣ 2 እና 4 እያንዳንዱ ቁጥር በ22ቱ ፊደላት ተራ ይጀምራል፤ ምዕራፍ 3 ደግሞ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ሰጥቶ 66 ይሆናል። ከተማ ፈርሶ፣ ሕፃናት በረኃብ እያለቁ፣ አልቃሹ ፊደል ይቆጥራል! ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሐዘን ዳርቻ የለውም፤ ፊደል ግን ያልቃል። አሌፍ ብሎ የጀመረ ታው ላይ ይደርሳል። የእኛም ሙሾ እንዲሁ ነው። ስንኙ ቤት መምታት ስላለበት አልቃሿ የግድ ቃል ትፈልጋለች፣ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ በዚያ መካከል ሌሎቹ ይቀበሏታል። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሐዘን ሁለት ሁለት ስንኝ እየሆነ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል።

እናቶቻችን ሌሊት ወፍጮ ላይ ሲያንጎራጉሩ ማን አስተማራቸው? እናንተም ልብስ ስትተኩሱ፣ ወለል ስትወለውሉ መሞከር ትችላላችሁ። «ሐዘኔ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያ ሰው በእጁ ይይዘው ከነበረው ነገር ጀምሩ። ቤት ባይመታም ግድ የለም። መጻፍ የማትችሉ በስልካችሁ ቅዱት።

ግጥም ግን ሁሉን አይችልም። ምግብና እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ያላችሁ፣ ይልቁንም ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣባችሁ እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ለአባ ወይም ለምታምኗት እኅት ንገሩ፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

እኅታችን ስንኞቿን በድምፅ ቀድታ ለታናሽ እኅቷ ላከች። በእናቷ አርባ ቀን፣ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት፣ ስልኩን ከፍ አድርገው አሰሙ። አክስቷም እዚያው በግጥም መለሱላት፤ መልሱም ተቀድቶ መጣ። ምን እንዳሉ ብጠይቃት፣ «ዲያቆን፣ እሱስ የኔ ነው» ብላ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር ሸሸገችው።