የአካል ጉዳት ካሳ፦ የእርቅ ወረቀት ከመፈረም በፊት

አንድ አርሶ አደር ከገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ በባጃጅ ተገጭቶ እግሩ ተሰበረ እንበል። የባጃጁ ባለቤት የመጀመሪያውን የሕክምና ወጪ ይሸፍንና በሳምንቱ ሽማግሌ ይልካል። ጥቂት ሺህ ብር ይቀርባል፣ እርቅ ይወርዳል፣ ወረቀት ይፈረማል። ከወራት በኋላ ግን አጥንቱ በትክክል እንዳልገጠመ ይታወቃል፤ ዕርፍ ጨብጦ በሬ መከተል የማይቻል ይሆናል። ያኔ ተጨማሪ ካሳ ለመጠየቅ የሚነሣ ሰው በራሱ ፊርማ ይታሰራል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ያሽከረከረው ባለቤቱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያመልጥም። የእንስሳት ባለቤትም በአንቀጽ 2071 ተመሳሳይ ኃላፊነት አለበት፤ በሬው አምልጦ ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ይጠየቃል። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ግን ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል።

ብዙዎች ካሳ ሲባል አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ሕመሙና ስለ ሥቃዩ የሚከፈለውን ነው። ሕጉ ይህን የሕሊና ጉዳት ይለዋል፤ በአካል ጉዳትም ሆነ በሞት ፍርድ ቤቱ ለተጎጂው ወይም ለቤተሰቡ ሊወስን ይችላል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 2116 የዚህን ካሳ ጣሪያ 1 ሺህ ብር አድርጎታል። በዘመኑ ትልቅ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ የሌሊቱን ሕመምና የቀኑን ጭንቀት ሊክስ ቀርቶ ለሕክምና መመላለሻም አይበቃም።

ስለዚህ የተጎጂው ዋነኛ መብት ያለው በቁሳዊ ጉዳት ካሳ ላይ ነው። ይህ ካሳ በ1 ሺህ ብር አይገደብም፤ በአንቀጽ 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምናና የመጓጓዣ ወጪ፣ በተጎጂው ፋንታ ለሚያርስና ለሚያጭድ የቀን ሠራተኛ የተከፈለ ገንዘብ፣ የታጣ ምርት እንዲሁም ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ሁሉ በዚህ ይካተታሉ።

አርሶ አደር ገቢውን የሚያሳይ የደመወዝ ሰነድ የለውም። ሕጉ ይህንንም አስቧል፦ የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ይፈቅዳል። ዳኛው የሚመዝነው ግን የቀረበለትን ማስረጃ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ፣ አደጋውን ያዩ ሰዎች ስምና አድራሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊያዙ ይገባል። ተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ያለው ከሆነም የመድን ድርጅቱን ስም መመዝገብ ያስፈልጋል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ የረዘመ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ያ ጊዜ ይጸናል። አሽከርካሪው በወንጀል ክስ ነጻ ቢባል እንኳ የካሳ ጥያቄው አብሮ አይወድቅም፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎቱ ነጻ የማለት ውሳኔ አይገደድም። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው ደግሞ በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል።

ሽምግልና የሚናቅ መንገድ አይደለም፤ ቂምን ያበርዳል፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል። ሆኖም በአንቀጽ 3312 መሠረት በእርቅ ያለቀ ጉዳይ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ስለሆነም ሐኪሙ የጉዳቱን የመጨረሻ ደረጃ ሳይገልጽ «ከእንግዲህ ካሳ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት መፈረም አይገባም። ሽማግሌዎች ሰላሙን ቀድመው ማውረድ ይችላሉ፤ የተከፈለው ገንዘብ ለጊዜው ሕክምና መሆኑንና የቀረው ካሳ ከሐኪም ውጤት በኋላ እንደሚታይ በወረቀቱ ላይ ማስፈር ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። ማንበብ የማይችል ተጎጂም ጣቱን ቀለም ከማስነካቱ በፊት ወረቀቱ በሚያምነው ሰው ሊነበብለት ይገባል።