ከአፈር በታች የሚያብበው ኦርኪድ

ኮሪጊን ከፐርዝ በስተ ምሥራቅ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ የስንዴ ቀጠና ውስጥ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1928 በአካባቢዋ ይኖር የነበረ ጃክ ትሮት የተባለ ገበሬ መሬቱ ላይ እንግዳ ስንጥቅ አየ። አፈሩን ገለጥ ሲያደርገው ደስ የሚል ሽታ አወደው፤ ከሥሩም ያበበ አበባ አገኘ። ያውም ኦርኪድ።

ኦርኪድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የሚቀመጠውን፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ አበባ የደረደረ ተክል ነው። ይኸኛው ግን ቅጠል የለውም፤ አረንጓዴ የሚባል ነገር ጨርሶ አልፈጠረበትም። ሥርም የለውም። ያለው አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚያድግ፣ ወፍራምና ነጣ ያለ ግንድ ብቻ ነው። በአውስትራሊያ ብርዱ ሲገባ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ፣ ከዚህ ግንድ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው እምቡጥ ይወጣል። ሲፈካ ከላይ ላየው አንድ አበባ ይመስላል፤ ክሬም ቀለም ያላቸው ቅጠል መሰል ሽፋኖች ከበውታል። ውስጡ ግን እስከ መቶ የሚደርሱ ጠቆር ያለ ቀይ ጥቃቅን አበቦች ታጭቀዋል። ወደ ላይ ሲገፋ አፈሩን ሊሰነጥቀው ይችላል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከረገፈው ቅጠል በላይ ብቅ አይልም።

የአደሌዱ ሐኪምና የኦርኪድ ሊቅ ሪቻርድ ሮጀርስ በዚያው ዓመት ለሳይንስ አስተዋወቀው፤ በዕፅዋት ተመራማሪው በቻርለስ ጋርድነር ስምም ራይዛንቴላ ጋርድነሪ አለው። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ተክሉ የሚታየው በአብዛኛው ገበሬዎች ቁጥቋጦ መንጥረው መሬት ሲያርሱ ነበር። እንግዲህ ማረሻ ያሳየው፣ ማረሻ ሲያጠፋው ነው።

ፀሐይ የማያይ ተክል ምን በልቶ ይኖራል? ለዚህ መልስ ሁለት ጎረቤቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ሜላሉካ የሚባል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያሉት ቁጥቋጦ ነው። ከእኛው ባህር ዛፍ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ነው፤ ባህር ዛፍም ቢሆን የመጣልን ከዚያው ከአውስትራሊያ ነው። ሁለተኛው ከዚህ ቁጥቋጦ ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር ፈንገስ ነው። ቁጥቋጦው በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር ለፈንገሱ ያካፍላል። ኦርኪዱ ደግሞ የፈንገሱን ክሮች ወደ ግንዱ አስገብቶ ከዚያ ይመገባል። ተመራማሪዎች ይህን በግምት አልተዉትም። ምልክት ያለበት ካርቦን ለቁጥቋጦው ሰጥተው ሲከታተሉ፣ ያው ካርቦን በፈንገሱ በኩል አልፎ ኦርኪዱ ውስጥ ተገኘ። ኦርኪዱ በምላሹ ለቁጥቋጦው የሚከፍለው ነገር ግን አልታየም። ጥገኛ ቢባል አይበዛበትም፤ ቢሆንም እንዲህ ጥቂት ወስዶ፣ እንዲህ ተሸሽጎ የሚኖር ጥገኛ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከመሬት በታች መኖር ሰውነቱንም ለውጦታል። አረንጓዴ ተክሎች ብርሃንን ወደ ምግብ የሚቀይሩት ክሎሮፕላስት በሚባል የሕዋሳቸው ክፍል ነው፤ በዚያም ውስጥ 110 ያህል ጂኖች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዚህን ኦርኪድ ሲቆጥሩ 37 ብቻ ቀርተው አገኙ። ለእኔ የሚገርመኝ የጠፋው ሳይሆን የቀረው ነው። ምግብ ማብሰል ያቆመ ማድ ቤት ለምን አይዘጋም? ምክንያቱ ይህ የሕዋስ ክፍል ከብርሃን ጋር ጉዳይ የሌላቸው፣ ለተክሉ ሕይወት ግን የግድ የሚያስፈልጉ ጥቂት ፕሮቲኖችም የሚሠሩበት መሆኑ ነው። ተክሉ ብርሃኑን ትቶታል፤ እነዚህን ግን ሊተው አልቻለም።

አበባውን የሚያራክቡት ምስጦችና ጥቃቅን ዝንቦች እንደሆኑ ይታመናል። ፍሬውም የወገኖቹን አይመስልም። የሌሎች ኦርኪዶች ዘር ነፋስ የሚበትነው ዱቄት ነው፤ ከአፈር በታች ግን ነፋስ የለምና ይኸኛው ሥጋማ ፍሬ ያፈራል። ፍሬውን ቆፍረው እየበሉ ዘሩን ያሰራጩ የነበሩት፣ ግልገላቸውን በኪሳቸው የሚይዙ ትናንሽ እንስሳት ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። እነዚህን እንስሳት ደግሞ ከአውሮፓ የመጡት ቀበሮና ድመት ከብዙው የስንዴ ቀጠና አጥፍተዋቸዋል። ዘሩን የሚወስድለት ከሌለ ኦርኪዱ ባለበት ይቀራል።

ያለበት ቦታ ደግሞ ጠብቧል። አብዛኛው ጫካና ቁጥቋጦ ለስንዴ ተመንጥሯል፤ የተረፈው በእርሻ የተከበበ ቁራጭ መሬት ነው። ድርቅ ቁጥቋጦውን ሲገድለው የፈንገሱ ስኳር ይቋረጣል፤ የኦርኪዱም ምግብ እንዲሁ። አጥር ማጠሩ፣ ሕግ ማውጣቱ ጥሩ ነው፤ የሚጠበቀው ግን አበባው ብቻ ሳይሆን ቁጥቋጦውም፣ ፈንገሱም፣ አፈሩም መሆን አለበት። ዘሩን ለብቻው ቢዘሩት አይበቅልም። በቤተ ሙከራ ማብቀል የተቻለውም ፈንገሱንና ሜላሉካውን አብሮ በማሳደግ ነው።

በዱር ስንት እንደቀሩ መቁጠሩ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ፈላጊዎች በየቁጥቋጦው ሥር ተንበርክከው፣ የረገፈውን ቅጠልና የላይኛውን አፈር ቀስ ብለው እየገለጡ ለሰዓታት ይደክማሉ፤ ብዙ ጊዜም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በዚያ ላይ አፈሩን መነካካቱ የሚፈልጉትን ተክል ሊጎዳው ስለሚችል፣ እንደ ልብ መፈለግም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዱር እንዳለ የሚታወቀው ከሃምሳ አይበልጥም ነበር። ይህም ቁጥር የኮሪጊኑን ብቻ ሳይሆን፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደቡብ ጠረፍ አቅራቢያ የሚገኘውንም ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን የደቡቡ ወገን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ተብሎ ራይዛንቴላ ጆንስቶናይ የሚል ስም ወጣለት። ከሃምሳ የማይበልጠው ቁጥር ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው።